ማኅደሩ ውስጥ የተገኘው ጣውላ

ባለፈው ጥቅምት ፓምፕ ልጠግን ወደ ዘጌ ተጠራሁ። የአንድ ትንሽ የሴቶች ገዳም የቡና ችግኝ ማጠጫ ነው። ከእኔ በፊት ዲግሪ ያላቸው ሁለት ልጆች ከባሕር ዳር ሄደው፣ ፈትተው፣ መልሰው ገጥመው፣ አዲስ ይገዛ ብለው ተመልሰዋል። እኔ አንድ ጊዜ አስነሥቼ ድምፁን እንደ ሰማሁ ሕመሙን አወቅሁት። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። በዚህ ሐይቅ ዙሪያ የቆመ ሞተር ሁሉ መጨረሻው እኔ እጅ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ እኔ ደግሞ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም።

ከጀልባው ስወርድ አንድ ሰው ያጨደውን ደንገል ዳርቻው ላይ አስጥቶ ነበር። ዛሬ የደንገል ታንኳ የሚሠራ ጥቂት ስለሆነ ሽታው ከአፍንጫዬ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ግማሹ የታጨደ ሣር፣ ግማሹ የረጋ ውኃ ይሸታል። የመፍቻ ሳጥኔን አስቀምጬ ትንሽ ቆምሁ። ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆነኝ ክረምት እንዳለ መጣብኝ።

ያን ክረምት ዕድሜ ልኬን ለሰው ሳወራ ኖሬአለሁ። መጀመሪያ ሁልጊዜ በማወራበት መንገድ ልናገረው፤ የተሳተውን ኋላ አርመዋለሁ።

አባቴ ታንኳ ሠሪም ቀዛፊም ነበር። ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ያመላልሳል። የምንኖረው ከሐይቁ ዳር፣ በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ፣ በካህናቱ መልካም ፈቃድ ነው። የእኔ ሥራ ደንገል ማጨድና ታንኳውን ማድረቅ ነበር። የደንገል ታንኳ ውኃ ይጠጣል፤ ውሎ በገባ ቁጥር ከሐይቁ ጎትቶ አውጥቶ ዛፍ ላይ ማስደገፍ ያስፈልጋል። እንዲያም ሆኖ ከጥቂት ወራት አያልፍም፤ ይበሰብሳል። ያረጀው ከቤት ኋላ ይጣልና ሲደርቅ ማገዶ ይሆናል። እናቴ «ታንኳ መጀመሪያ አፋችንን ያበላል፣ ኋላ ምድጃዬን» ትል ነበር።

ጎረቤታችን ቄስ አያሌው ገበዝ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃና መጻሕፍት የሚጠብቁ እሳቸው ናቸው፤ ቤታቸውም የቤተ ክርስቲያኑ ነው። ያ ቤተ ክርስቲያን የሣር ክዳን ስለነበረ ክረምት ያፈስ ነበር። ስለዚህ ሰኔ ሲገባ የብራና መጻሕፍቱ በየማኅደራቸው፣ ማለት በየልካቸው በተሰፋላቸው የቆዳ ከረጢት እንደ ሆኑ፣ ወደ ገበዙ ቤት ይመጣሉ። ከምድጃው ከፍ ብሎ ባለ ኩላብ ላይ ይንጠለጠላሉ። ጭሱ ከብልና ከርጥበት ይጠብቃቸዋል። ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳሉ። ከእነሱ መካከል አንዲት መዳፍ የማትሞላ የጸሎት መጽሐፍ ነበረች። ከሁሉም የቆየችው እሷ ናት ይባላል። የምትነበበው በዓመት አንድ ቀን፣ ኅዳር ላይ በታቦቱ ንግሥ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ማኅደሯን የሚከፍት የለም።

የቄስ አያሌው ልጅ አንጓች እኩያዬ ነበረች። ከእሷ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም፤ ሌሎቹ ልጆች ለእኔ አይመጥኑም ነበር። እነሱም «ታከለ፣ መቼ ነው ጥጥ መፍተል የምትጀምረው?» እያሉ ያሾፉብኛል። አባቷ ዋርካው ሥር ወንዶቹን ፊደል ሲያስቆጥሩ እሷ ከአጥሩ ኋላ እንዝርቷን ይዛ ትቀመጣለች። ጥጡ ግን ከጧት እስከ ቀትር አንድ ልቃቂት አይሞላም። እኔም ይህች ልጅ ሰነፍ ናት ብዬ ደምድሜ ነበር። ምን ትሠሪያለሽ ብላት እፈትላለሁ ትለኛለች። እኔ ተማሪ አልነበርሁም። ደንገሉን ማን ያጭዳል?

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወባ ጣለኝ። እናቴ እንደምትለው ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ተኝቻለሁ። ከዚያ ሁሉ በአእምሮዬ የቀረው ሁለት ነገር ነው። አንዱ አጥንት ውስጥ የገባ ብርድ ነው፤ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ራሴ እሰማዋለሁ። ሁለተኛው የቆዳ ቃጠሎ ሽታ ነው። እማ ምን ይሸታል ብል ምንም አይሸትም፣ ተኛ አለችኝ። እኔ ግን ሽታው ከራሴ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። ሰው ሊሞት ሲል እንዲህ ይሸታል ብዬ ስላመንሁ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የታመመ ሰው በጠየቅሁ ቁጥር ጠጋ ብዬ አሸትት ነበር።

ሲለቀኝ የሆነው ነው ስሜን ያስጠራው። ከመደቡ ትይዩ ግድግዳው ላይ እናቴ ጋዜጣ ለጥፋ ነበር። ፊደል ስለማታውቅ ዘቅዝቃ ነው የለጠፈችው። ተጋድሜ ሳየው ፊደሎቹ ተናገሩኝ። «የመንገድ ሥራ ተጀመረ» ብዬ አነበብሁ። እናቴ የያዘችው ቅል ከእጇ አመለጠ። አባቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጸሐፊ የነበሩ አንድ የሸዋ ሰው መጡና ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው ፈተኑኝ። እንደ ደንቡ ሲይዙልኝ ተንተባተብሁ። ዘቅዝቀው ሲይዙልኝ ግን እንደ ውኃ ፈሰሰልኝ። ሰውዬው መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም አሉ። ካህናቱ ጸበል አጠጡኝ። አባቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ በሄደበት ሁሉ ልጄ ከሞት ደጃፍ ፊደል ይዞ ተመለሰ ይል ነበር።

ሰው ያላስተማረኝ ሰው ነኝ ያልሁት ከዚያ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ዘቅዝቆ ማንበብ ለእኔ ከማቅናት ይቀላል። ባለሥልጣን ጠረጴዛ ፊት ቆሜ በወዲያ በኩል ስለ እኔ የተጻፈውን እሳቸው ሳይጨርሱ እጨርሰዋለሁ። በዚህም ብዙ ተጠቅሜአለሁ።

ነገሩ የተበላሸው መስቀል እንዳለፈ ነው። መጻሕፍቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አንዱ ዲያቆን ትንሿን ማኅደር ሲያወርድ ክብደቷ አላማረውም። ተከፈተች። ውስጧ በመጽሐፉ ልክ የተጠረበ የዋንዛ ጣውላ ተገኘ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ለቄስ አያሌው እስከ ኅዳር ንግሥ ቀን ተሰጣቸው። በዚያ ቀን መጽሐፏ ካልተነበበች ገበዝነቱን ይለቃሉ፤ ገበዝነቱን ከለቀቁ ቤቱንም ይለቃሉ። አምስት ልጆች ነበሯቸው። አንጓች ይህን የነገረችኝ ዳርቻው ላይ፣ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነው። እኔ ገና ከበሽታው አልጠናሁም፤ ስቀመጥ ዛፍ እደገፋለሁ። ያም ሆኖ ሌባውን አገኝልሻለሁ አልኋት። እሷ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ከመታመምህ በፊት የነበረውን ታስታውሳለህ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እንዲሁ። የነሐሴን ነገር።»

ዝናብ እንደ ነበረ አስታውሳለሁ አልኋት። በሽታዬን የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ጣውላውን በነጠላዋ ሸፍና አመጣችልኝ። ገልብጬ መረመርሁት። ጠርዙ ለስልሷል፣ ማዕዘኑ እኩል ነው፣ በማጭድ ጫፍ የተላገ ይመስላል። ይህን የሠራ ሰው እጀ ብልህ ነው፣ እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ሰፈር ብዙ አይገኝም አልሁ።

«በደንብ እየው» አለችኝ። «ማን ይመስልሃል?»

«አዋቂ ሰው ነው። የተማረ እጅ ነው።»

ጣውላውን ነጥቃኝ ሄደች። ተናደደች፤ ለምን እንደ ተናደደች አልገባኝም።

የተማረ እጅ ካልሁ ዘንድ ጥርጣሬዬ በአለቃ ድረስ ላይ ወደቀ። አለቃ ድረስ ብራና ፋቂ፣ መጽሐፍ ደጓሽ ሽማግሌ ናቸው። ሦስት ቀን ከአጥራቸው ዳር ካለው ጌሾ ሥር ተኝቼ ጠበቅኋቸው። በሦስተኛው ቀን ግቢያቸው ውስጥ የተወጠረ ብራና በመፋቂያ ሲፍቁ አየሁ። መጽሐፉን አገኘሁት፣ ፊደሉን እየፋቁ ሊሸጡት ነው ብዬ በሩጫ ቄስ አያሌው ዘንድ ደረስሁ። ሁለት ሽማግሌ ይዘው መጡ። አለቃ ድረስ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ብራናውን ገልብጠው አሳዩን። ጀርባው ላይ የፍየሉ ጠጉር ገና አልተላጨም። ተጣድፌ በማላውቀው ነገር ገባሁ እንጂ፣ ፍየል ሲገፈፍ አይቼ ቢሆን ኖሮ አልሳሳትም ነበር። እኛ የዓሣ ሰዎች ነን።

አለቃ ድረስ አልተቆጡኝም። «ይህ ልጅ ሲያድግ ወይ ዳኛ ይሆናል ወይ እስረኛ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ቄስ አያሌው ግን አልሳቁም። እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው ወደ ቤቴ ሸኙኝ። ንግሡ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግዝት ወጣ። የወሰደ፣ የደበቀ፣ አይቶ ዝም ያለ፣ በሰባት ቀን ውስጥ ካልተናገረ የተገዘተ ይሁን ተባለ። ያን ዘመን ግዝት ቀልድ አልነበረም፤ የተገዘተ ሰው ከምእመናን ተለይቶ፣ ሲሞትም ሳይፈታ ይቀበራል። ከእናቴ ጎን ቆሜ አንጓችን በሴቶች በኩል ፈለግኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። ከእሷ ኋላ የቆመችው ሴት ልጅቱን ወባ ይዟታል ስትል ሰማሁ።

በስድስተኛው ቀን አንጓች ለአባቷ ተናገረች። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሥዕል ልመልከት ብዬ ከማኅደሩ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጣውላውን ያስገባሁትም እኔ ነኝ፤ መጽሐፉ ሐይቅ ዳር ከእጄ አምልጦ ውኃ ገባ አለች። ሽማግሌዎቹ ፊትም ደገመችው። ግዝቱ ተነሣላት። ቄስ አያሌው ገበዝነቱን ለቀቁ። ንግሡ ሦስት ቀን ሲቀረው ዕቃቸውን በሁለት አህያ ጭነው ወደ መሸንቲ፣ ወደ ሚስታቸው አገር ሄዱ። እኔ ልሰናበታት አልወጣሁም። ያን ሁሉ ቀን ሌባ ፍለጋ ስታንከራትተኝ ሌባዋ ራሷ መሆኗ አንገብግቦኝ ነበር። ሲያልፉ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። እሷ ወደ ቤታችን እያየች ነበር።

እንግዲህ ስድሳ ዓመት ያህል ያወራሁት ይኸው ነው። የፊደሉን ነገር በየደረስሁበት፣ የመጽሐፉን ነገር አልፎ አልፎ። መጽሐፉን ሳወራ «ከመጀመሪያው ፊቷን አይቼ ጠርጥሬ ነበር» እላለሁ። አልጠረጠርሁም ነበር።

ዘጌ ላይ ያን ቀን ፓምፑን ፈትቼ ክፍሎቹን ጆንያ ላይ ደረደርሁ። ሁለት ወጣቶች መፍቻ ያቀብሉኛል። ሽታው ገና አፍንጫዬ ውስጥ ስለነበረ ጋዜጣው እንዴት እንደ ተናገረኝ፣ ማንም እንዳላስተማረኝ፣ ዘቅዝቄ እንዴት እንዳነበብሁ አወራሁላቸው። አንደኛው ጋሼ እንዴት ሊሆን ይችላል አለኝ። ተሰጥኦ ነው አልሁት።

ከአጥሩ ወዲያ አንድ የሴት ድምፅ «ተሰጥኦ አይደለም» አለ። «መጽሐፉ ወደ እኔ ዞሮ ስለነበረ ነው።»

አንዲት መነኩሴ አጥሩን እየዳበሱ ብቅ አሉ። ቀጭን ናቸው፤ ዓይናቸው ላይ ጉም አለ። «ታከለ፣ አንጓች ነኝ» አሉኝ። እኔ ተነሥቼ ቆምሁ፤ እጄ ላይ ግራሶ ስለነበረ የት እንደማስቀምጠው ቸገረኝ። ወጣቶቹ ግራ ገብቷቸው ያዩኛል። እሳቸው በዱላቸው ጆንያውን ነካክተው ከዳር ተቀመጡና ወሬው ትናንት እንደ ተቋረጠ ሁሉ ቀጠሉ።

ሐምሌን ሙሉ፣ እናታቸው ገበያ በዋለች ቁጥር፣ መጽሐፏን ከማኅደሩ አውጥተው ከቤታችን ኋላ ካለው ሾላ ሥር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ራሳቸው የተማሩት ከአጥር ኋላ ነው፤ አባታቸው ወንዶቹን ሲያስቆጥሩ በቀዳዳ እያዩ። እኔ እጄ ዓሣ ስለሚሸት መጽሐፉን እንዳልነካ ከልክለውኝ ነበር። ስለዚህ እሳቸው ጭናቸው ላይ ዘርግተው ይይዛሉ፣ እኔ ትይዩ እቀመጣለሁ። ፊደሉን ሁሉ የተማርሁት በግልባጩ ነው።

ይህን ሲሉኝ አላመንሁም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን የሸዋው ሰው ወረቀቱን ሲያዞሩት የሆነው ትዝ አለኝ። ከሞት ደጃፍ ፊደል ይዞ የሚመለስ ሰው ቢኖር አቅንቶ ይዞ ይመለስ ነበር።

«ጣውላውስ?» አልሁ።

«አንተ ነህ የጠረብኸው። በአባትህ ማጭድ። ባሳይህ ጊዜ የገዛ እጅህን ስታመሰግን ዋልህ።»

ወጣቶቹ ሊስቁ ፈልገው ወደ ሐይቁ ዞሩ።

ነሐሴ ላይ እናታቸውን ተከትለው ለለቅሶ መሸንቲ ሲሄዱ፣ መጽሐፉን ሁለት ቀን ብቻ እንዲያውሱኝ እጃቸውን ይዤ ለምኛቸው ነበር አሉ። እጅህን ታጠብ ብለው ሰጡኝ። ሲመለሱ እኔ ወባ ይዞኝ ሰው አላውቅም። ስነቃ ደግሞ መጽሐፉም፣ ሾላውም፣ ትምህርቱም ከራሴ ጠፍቷል፤ የቀረው ፊደሉ ብቻ ነው። ወላጆቼን መጠየቅ ፈሩ። እኔን በዙሪያው እየዞሩ ቢጠይቁኝ እኔ ስለ ዝናብ አወራሁላቸው።

ለምን በቀጥታ አልነገሩኝም አልሁ።

«ብነግርህ ትናገር ነበር» አሉ። «አንተ አፍህ መቼ ያርፋል? አባትህ በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ ያለ ታንኳ ቀዛፊ ነው፤ ልጁ መጽሐፍ አጠፋ ሲባል በዚያው ቀን ያስነሡታል። እኛ መሸንቲ ዘመድ ነበረን።»

«ግዝቱስ?»

«ያላወቀን ግዝት አይዘውም። ለማን እንደ ሆነ ሳልናገር አባቴን ጠይቄአለሁ። እኔ ግን ዐውቅ ነበርና ተናገርሁ። የጨመርሁትን ውሸት ሊሞቱ ሲሉ ነግሬአቸው ፈተውኛል።»

መጽሐፉ ከጠፋ ወዲህ አባታቸው ፊደል በሚቆጠርበት አጥር አጠገብ እንዳይደርሱ ከለከሏቸው። በዐሥራ አራት ዓመታቸው ተዳሩ። መጽሐፍ እንደገና የያዙት ባላቸው ሞቶ፣ ልጆቻቸውን ድረው፣ ሲመነኩሱ ነው። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም። እኔ በዚያው ፊደል ስንት ቦታ እንደ ደረስሁ እያሰብሁ ነበር።

አንድ የማያውቁት ነገር እንዳለ ከአነጋገራቸው አስተዋልሁ። ውኃ ገባ ያሉት ከራሳቸው ፈጥረው ነው። መጽሐፉን የት እንዳደረግሁት ዛሬም ድረስ አያውቁም።

እኔም እስከዚያች ደቂቃ አላውቅም ነበር። ዳርቻው ላይ የተሰጣውን ደንገል አየሁ። ሰው የማይደርስበት ቦታ ፈልግ ብትሉት የታንኳ ሠሪ ልጅ የት ይሄዳል? ከቤት ኋላ የተጣለው አሮጌ ታንኳ ነበር። የደንገሉ ነዶ በገመድ ተጠፍሮ መካከሉ እንደ ኪስ ይከፈታል። በክረምት ላዩ ርጥብ ስለሆነ እስከ ጥቅምት የሚነካው የለም። እኔ በብርድ ስንቀጠቀጥ፣ ሁሉም እንጨት በዝናብ በስብሶ ሳለ፣ እናቴ ምን አንድዳ እንዳሞቀችኝ ጠይቄአት አላውቅም። ቆዳ ሲቃጠል ግን አሽትቻለሁ። አንዳንዱን የማስታውሰው እጄ እንደ ሆነ እንጃ፤ ነዶውን በጣቴ ስከፍተው ተሰማኝ።

«እማሆይ፣ ተቃጥሏል» አልኋቸው። «አሮጌው ታንኳ ውስጥ ደብቄው ነበር። እናቴ ለእኔ ብላ አንድዳዋለች።»

ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ዞሩ።

«እንኳን አሞቀህ» አሉ።

ማልቀስ አልፈለግሁም፤ ወጣቶቹ ያዩኛል። ምን ላድርግልዎ አልሁ። ፓምፑን በነጻ እሠራዋለሁ ልል ነበር፤ ግን ለገዳም ድሮም አላስከፍልም። እሳቸው ከደረታቸው ውስጥ ዳሩ የተበላ ትንሽ የታተመ የጸሎት መጽሐፍ አወጡ። ከፋሲካ ወዲህ ፊደሉ አይለይልኝም፣ የዛሬውን አንብብልኝ አሉና ሰጡኝ። እጄን በጋዝ ጠርጌ፣ በሳሙና ታጥቤ መጣሁ። አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ወጣቶቹ እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንድ ገጽ በአንድ ትንፋሽ ተወጣሁት።

እማሆይ አንጓች እጃቸውን ገጹ ላይ አሳርፈው አስቆሙኝ።

«ትሮጣለህ» አሉ። «ድሮም ይህ ነበር ችግርህ። ከላይ ጀምር።»

ከላይ ጀመርሁ።